የባምብልቢን ካባ የለበሰችው ዝንብ የምታታልለው ማንን ነው?

የጓሮዋ ልጅ (ሼፊልድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሼፊልድ በኪራይ የያዝኳት ትንሽ የአትክልት ቦታ አለችኝ። አጥሯ በጫካ እንጆሪ የተሸፈነ ነው። እንጆሪው ሲያብብ ባምብልቢዎች ከጠዋት እስከ ማታ አይለቁትም። ባምብልቢ አይታችሁ ለማታውቁ፣ ከማር ንብ ወፈር ያለች፣ ድብልብል፣ መላ ሰውነቷ ፀጉር የለበሰ ንብ ናት።

ትናንት ከመሀላቸው አንዷ ዓይኔን ያዘችው። ጥቁር ናት። ጭራዋ ላይ ቀይ ናት። ፀጉራም ናት። ግን ዓይኖቿ በጣም ትልልቅ ናቸው፤ ከጭንቅላቷ የተረፈ ቦታ ያለ አይመስልም። እግሯ ላይ የአበባ ዱቄት አልያዘችም። ጠጋ ስል ብድግ አለችና አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ፎቶ አንስቼ ሳጎላው ክንፏ ሁለት ብቻ ነው። ንብ ደግሞ አራት ክንፍ ነው ያላት። ዝንብ ናት!

ሳይንሳዊ ስሟ ቮሉሴላ ቦምቢላንስ ነው። እንግሊዞች ሆቨርፍላይ ከሚሏቸው፣ አየር ላይ ቆመው ከሚያንዣብቡት ዝንቦች ወገን ናት። ስለሷ ሳነብ ሁለት ነገር አስደነቀኝ። አንደኛ፣ እንቁላሏን የምትጥለው ባምብልቢዎች ጎጆ ውስጥ ገብታ ነው። ሁለተኛ፣ ይህችው አንድ ዝርያ ከአንድ በላይ መልክ አላት። አንዷ እንደኔዋ ጥቁር ሆና ጭራዋ ቀይ ነው። ሌላዋ ቢጫ መቀነት አላት፣ ጭራዋም ነጭ ነው። እያንዳንዷ እዚህ አገር በየሜዳው የሚታይ የባምብልቢ ዓይነት ትመስላለች።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። የምታታልለው ማንን ነው? ጎጇቸው የምትገባባቸውን ንቦች ነው ወይስ ሊበሏት የሚመጡትን ወፎች? ባለቤቴ «ካልመሰለቻቸው በር ላይ ይገድሏታል፣ ግልጽ ነው» ይላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

ዘመን_አ (አዲስ አበባ)

ፎቶው ግሩም ነው። እኔ ብሆን ንብ ናት ብዬ ነበር የምሸሸው። ትናደፋለች እንዴ? ትንንሽ ልጆች ስላሉኝ ነው የምጠይቀው።

የጓሮዋ ልጅ (ሼፊልድ)

አትናደፍም። መንደፊያ የላትም፣ መርዝም የላትም። አፏም የአበባ ወለላና ዱቄት መላሻ እንጂ መንከሻ አይደለም። ልጆቹ እንዳይጨፈልቋት ብቻ ንገራቸው።

የባዮሎጂ መምህር (ባሕር ዳር)

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሣሽው እህቴ። ይህ ነገር በሳይንስ ውስጥ ትልቅ ታሪክ አለው።

ሄንሪ ዎልተር ቤትስ የሚባል እንግሊዛዊ ተፈጥሮ አጥኚ ነበር። በ1848 ወደ አማዞን ሄዶ እስከ 1859 እዚያው ቆየ። ጫካው ውስጥ ቢራቢሮ ሲሰበስብ አንድ ነገር አስተዋለ። ወፎች የማይነኳቸው፣ ጣዕማቸው መጥፎ የሆነ ቢራቢሮዎች አሉ። በነሱ መሀል ደግሞ ዘራቸው ፈጽሞ የተለየ፣ ምንም መጥፎ ጣዕም የሌላቸው፣ ግን መልካቸው ቁርጥ እነሱን የሆኑ ቢራቢሮዎች ይበራሉ። በ1862 ባሳተመው ጽሑፍ ምክንያቱን አስረዳ። የሚበላው ቢራቢሮ የማይበላውን ስለመሰለ ወፍ ያልፈዋል። በደንብ ያልመሰለው ይበላል፣ በደንብ የመሰለው ይተርፋል፣ ይዋለዳል። በብዙ ትውልድ መልኩ እየተጠጋ ይሄዳል። የዳርዊን መጽሐፍ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ስለነበር ጽሑፉ ለዳርዊን ሐሳብ ትልቅ ድጋፍ ሆነ። እስከ ዛሬም ይህ ዓይነቱ መመሳሰል በቤትስ ስም ይጠራል።

ያንቺም ዝንብ በዚህ ውስጥ ናት። ባምብልቢ ትናደፋለች። አንዴ የተነደፈ ወፍ ያንን መልክ አይረሳም። ዝንቧ ያንን መልክ ይዛ ትኖራለች። ስለዚህ መልሴ «ወፎችን ነው» የሚል ነው።

ይህ በሙከራም ታይቷል። በ1960 የታተመ አንድ ሥራ ላይ ጄን ብራወርና ሊንከን ብራወር ከባልደረባቸው ጋር ፍሎሪዳ ውስጥ በጉርጦች ሞክረውታል። ጉርጦቹ ባምብልቢ ቀርቦላቸው ተነደፉ። ከዚያ በኋላ ባምብልቢ የሚመስል ምንም የማይናደፍ ዝንብ ሲቀርብላቸው አብዛኛውን ጊዜ አልነካም አሉ። ባምብልቢ ቀምሰው የማያውቁ ጉርጦች ግን ያንኑ ዝንብ ይበሉት ነበር። ልዩነቱን ያመጣው መነደፉ የሰጣቸው ትምህርት ነው።

ደጃፍ (ለንደን)

መምህር፣ የወፉ ነገር ይገባኛል። ግን ሁለቱም ሊሆን አይችልም? ወፉንም ንቧንም። እንቁላል ለመጣል ጎጇቸው ውስጥ መግባቷ ዝም ብሎ የገጠመ ነው ማለት ይከብደኛል። ደግሞ ፀጉሩ ለብርድም ይሆናል። የዚህ አገር ሜይ ወር ጠዋት ላይ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የኖረበት ያውቀዋል።

ጎተንበርግ_ነኝ (ስዊድን)

ደጃፍ፣ እኔም የሚያንዣብቡ ዝንቦችን ፎቶ ማንሳት ስለምወድ በዚህ ጉዳይ ብዙ አንብቤያለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የተፈጥሮ አጥኚዎች ልክ የጓሮዋ ልጅ ባለቤት እንዳለው ያስቡ ነበር። ዝንቧ ንቦቹን የመሰለችው ጎጆ ለመግባት ነው ይሉ ነበር። ሐሳቡ ያሳምናል። ግን ዘመዶቿን ስታዩ ይፈርሳል።

ቮሉሴላ ፔሉሴንስ የምትባል እህት ዝርያ አለች። ጥቁር ናት፣ ወገቧ ላይ ሰፊ ነጭ ቀበቶ አላት፣ ፀጉራም አይደለችም። የምትገባው ተርቦች ጎጆ ውስጥ ነው። መሬት ሥር ያለ የተርብ ጎጆ ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ታዲያ ተርብ ትመስላለች? በፍጹም። ጎጆ መግባት የግድ መምሰልን የሚጠይቅ ቢሆን ይህቺ ዝንብ እስካሁን ዘሯ በጠፋ ነበር።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው እዩት። ባምብልቢን ቁርጥ የሚመስሉ፣ ግን አንድም ቀን ባምብልቢ ጎጆ የማይገቡ ብዙ ዝርያዎች አሉ። ክሪዮራይና የሚባሉት እጮቻቸው የሚያድጉት በበሰበሰ የዛፍ ግንድና ሥር ውስጥ ነው። ፖኮታ ፐርሶናታ የምትባለው አስደናቂ ዝንብ የምታድገው ያረጁ ዛፎች ግንድ ላይ በሚፈጠር እርጥብ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ኤሪስታሊስ ኢንትሪካሪያ የምታድገው የረጋ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ነው። ሦስቱም የባምብልቢን ካባ ለብሰዋል። የሦስቱም ሕይወት ከባምብልቢ ጎጆ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ተጨማሪ ነገር አለ። ባምብልቢዎች ብዙ ጊዜ ጎጇቸውን የሚሠሩት አይጥ ትቶት በሄደ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ውስጡ ጨለማ ነው። እዚያ የቀለም ነገር ዋጋ የለውም። የቤታቸውን ልጅ ከባዳ የሚለዩት በማሽተት ነው።

ስለ ብርዱ ያልከው ግን እውነትነት አለው። ፀጉር ሙቀት ይይዛል፤ ለባምብልቢዋም ለዝንቧም ይጠቅማል። ግን ብርድ የፀጉሩን መኖር እንጂ ቀለሙን አያስረዳም። ለሙቀት ብቻ ቢሆን ጭራዋ ልክ እንደዚያ አካባቢ ባምብልቢ ቀይ ወይም ነጭ መሆን አያስፈልገውም ነበር።

የጓሮዋ ልጅ (ሼፊልድ)

የጎተንበርጉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፔሉሴንስ ነገር ልቤን አሳረፈው። ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ እሱም ተቀብሎታል።

አሁን የቀረኝ የሁለቱ መልክ ጉዳይ ነው። ቀይ ጭራ ያላትና ነጭ ጭራ ያላት የተለያዩ ዝርያዎች ካልሆኑ ቀለሙ ከየት ይመጣል? ያደገችበት ጎጆ ነው የሚወስነው?

የባዮሎጂ መምህር (ባሕር ዳር)

አይደለም። በዘር ነው የሚወረሰው። በ1920ዎቹ ጋብሪቼቭስኪ የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ ዝርያ እያዳቀለ አጥንቶታል። መልኩ ሜንዴል አተር ላይ ባየው ዓይነት ሕግ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አሳየ። ስለዚህ አንድ እናት የጣለቻቸው እንቁላሎች ቀይ ጭራም ነጭ ጭራም ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱም አንድ ጎጆ ውስጥ ሊያድጉ ይችላሉ።

የባለቤትሽን ሐሳብ በሌላ በኩል የሚያዳክመውም ይህ ነው። ዝንቧ የምትመስለው ያደገችበትን ጎጆ ባለቤት ቢሆን ኖሮ ቀይዋ ከቀይ ጎጆ፣ ነጯ ከነጭ ጎጆ መውጣት ነበረባት።

ከአንድ በላይ መልክ መኖሩ ለወፎቹ በኩል ግን ትርጉም ይሰጣል። አስመሳይ ሲበዛ ማታለሉ ይደክማል። ወፍ ደጋግሞ የማይናደፍ «ባምብልቢ» ከበላ መፍራቱን ይተዋል። ዝርያው በሁለትና ከዚያ በላይ መልክ ሲከፈል ግን እያንዳንዱ መልክ ከሚመስላት ንብ አንጻር ብርቅ ሆኖ ይቆያል።

የቡሬው ንብ አናቢ

እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። የልጅ ልጄ ነው ይህን ያነበበልኝ። በንብ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ቀፎ ሳልይዝ የኖርኩበት ዘመን የለም። ባምብልቢ የምትሏትን አላውቃትም። ግን ንብ የሚመስል ዝንብ በደንብ አውቃለሁ። በረቱ አጠገብ ፍግና ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ ላይ ሲያንዣብብ ይውላል። እዚያው ውሃ ውስጥ ጭራው ረጅም የሆነ ትል አያለሁ። ያ ዝንብ የኔን ንቦች ይጎዳል ወይ? ሰው ገድለው ይለኛል።

አንድ ነገርም ልጨምር። ወፍ ሁሉ ንብን ይፈራል ማለት አይደለም። ንብ በሊታ የምንላት ባለ ቀለም ወፍ አትፈራም። ንቢቱን አየር ላይ ትይዝና ቅርንጫፍ ላይ ታሻታለች፣ መንደፊያውን አራግፋ ትበላታለች። እሷ ፊት ንብ መምሰል ምን ይጠቅማል?

ጎተንበርግ_ነኝ (ስዊድን)

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው፤ ይህ ነጥብ ያስፈልገን ነበር። ንብ በሊታ ወፍ ፊት ካባው ምንም አያድንም። እንዲያውም ንብ ፈልጋ የምትመጣ ወፍ ስለሆነች ጉዳት ይሆናል። ካባው የሚሠራው ንብን መብላት ያልተካኑ ወፎች ፊት ነው። እነሱ ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ለዚህ ነው በጠቅላላው የሚያዋጣው።

ስለ ዝንቡ ደግሞ ከገለጻዎ ኤሪስታሊስና ዘመዶቹ የሚባለው ወገን ይመስለኛል። ከነሱ ኤሪስታሊስ ቴናክስ የሚባለው በብዙው ዓለም ይገኛል፤ መልኩ ድንጉላ ንብ ነው። ያ ጭራ ያዩበት ትል የሱ እጭ ነው። ጭራው መተንፈሻ ቱቦ ነው። እየተሳበ ይረዝምና ጫፉ ከውሃው በላይ ይወጣል፣ ትሉ ታች ቆሻሻው ውስጥ እየተመገበ አየር ይስባል። አየር በሌለው ቆሻሻ ውሃ ውስጥ የሚኖረው በዚህ ነው።

ንብዎን አይጎዳም ጋሼ። ቀፎ አይገባም፣ ማር አይሰርቅም፣ እጭ አይበላም። አበባ ላይ ከንቦችዎ ጋር ይሠራል። እባክዎ አይግደሉት።

የቡሬው ንብ አናቢ

እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያውስ አይነካም። ጠላቴ ጉንዳንና ያቺው ወፍ ናቸው።

የባዮሎጂ መምህር (ባሕር ዳር)

ጋሼ ያነሡት ዝንብ መልኩን ብቻ አይደለም የሚያስመስለው። በ2000 የታተመ አንድ የእንግሊዞች ጥናት እነዚህ ዝንቦች አበባ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜና ከአበባ አበባ የሚበሩበትን ጊዜ ለክቶ ነበር። ከሌሎች ዝንቦች ይልቅ ወደ ማር ንብ የተጠጋ ሆኖ ተገኘ። አረማመዱንም ወርሷል ማለት ነው።

ሰንበት ተማሪ (ዳላስ)

ይህን ሳነብ ሶምሶን ትዝ አለኝ። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ላይ፣ የገደለው አንበሳ በድን ውስጥ ንብና ማር አገኘ ይላል። አንድ ቦታ ላይ ያ ንብ ሳይሆን ዝንብ ነበር የሚል አንብቤያለሁ። እውነት ነው?

የባዮሎጂ መምህር (ባሕር ዳር)

ሐሳቡ የካርል ሮበርት ኦስተን ሳከን ነው። ሩሲያዊ ዲፕሎማት ነበር፣ በዚያው ላይ በዘመኑ ከነበሩ ታላላቅ የዝንብ አዋቂዎች አንዱ። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ከታረደ በሬ በድን ንብ ይፈላል ብለው ያምኑ ነበር። ኦስተን ሳከን በ1890ዎቹ ላይ ይህን አጠና። ከሚበሰብስ በድን ፈሳሽ ውስጥ እየተፈለፈለ የሚወጣው ንብ ሳይሆን ጋሼ የነገሩን ዓይነት ኤሪስታሊስ ዝንብ ነው፣ ሰዎቹ በመልኩ ተታለው ነው አለ። ለበሬው እምነት ይህ ማብራሪያ በጣም ያሳምነኛል።

የሶምሶንን ታሪክ ግን አይመልስም ባይ ነኝ። ሶምሶን ማር በእጁ ይዞ እየበላ ሄደ፣ ለአባቱና ለእናቱም ሰጣቸው ነው የሚለው። ዝንብ ማር አይሠራም። መጽሐፉ ደግሞ ከገደለው በኋላ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰ ይላል። በዚያ ሞቃት አገር ሥጋው አልቆ የደረቀ አጽም ውስጥ እውነተኛ ንብ ብትሰፍር የሚያስገርም አይሆንም።

ሰንበት ተማሪ (ዳላስ)

ደስ የሚል መልስ ነው። ቃለ ሕይወት ያሰማልን።

ደጃፍ (ለንደን)

እኔ አሁን ከሁላችሁም የምለይበት ነገር አለ። ሁሉም አትንኳቸው ትላላችሁ። ዳፎዲል የሚሉትን አበባዬን የጨረሰውስ? በየዓመቱ ኮረቱን፣ ያንን ሽንኩርት የሚመስለውን የሚተከለውን ራስ፣ ገዝቼ እተክላለሁ፣ በፀደይ ግማሹ አይበቅልም። ቆፍሬ ሳወጣው ለስልሷል፣ ሲከፈት መሀሉ ላይ አንድ ወፍራም ትል ተኝቷል። ሜሮዶን ኢኩዌስትሪስ ነው አሉኝ። እሱም የናንተው አንዣባቢ ዝንብ ነው፣ እሱም ባምብልቢ መሳይ ነው።

ጎተንበርግ_ነኝ (ስዊድን)

አዎ ነው። ሜሮዶን በመልክ ብዛት ከሁሉም ይበልጣል። ብጫማ፣ ቡናማ፣ ጥቁር ሆኖ ጭራው ብርቱካናማ፣ ሁሉም አለ። ወደ እንግሊዝ የገባው ከአውሮፓ ከሚመጣ የዳፎዲል ኮረት ጋር እንደሆነ ይታመናል። መጀመሪያ የተመዘገበውም እዚያው አንተ ከተማ፣ ደቡብ ለንደን ደንማርክ ሂል ላይ በ1869 ነው።

ግን መግደል አያስፈልግህም። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው በበጋ መግቢያ ላይ፣ የዳፎዲሉ ቅጠል መሞት ሲጀምር ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ አፈሩ ላይ ክፍተት ይቀራል፤ እጩ በዚያ በኩል ወርዶ ኮረቱ ውስጥ ይገባል። ቅጠሉ መድረቅ ሲጀምር አፈሩን ሳብ አድርገህ ክፍተቱን ድፈንና ጠቅጥቀው። ወይም በዚያ ሰሞን ቀጭን መረብ አልብሰው። ኮረት ስትገዛም በእጅህ ጫን እያልክ ሞክረው፣ የለሰለሰውን አትውሰድ። ጥላ ያለበት ቦታ መትከልም ይረዳል፣ ዝንቧ ፀሐይ ትወዳለች።

ደጃፍ (ለንደን)

ይህንን ማንም አልነገረኝም። በዚህ ዓመት እሞክረዋለሁ።

ቤተ ገበሬ (አሽዶድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ እስራኤል ባምብልቢ በተፈጥሮም አለች፣ ቲማቲም ግሪንሃውስ ውስጥም በካርቶን ቀፎ እየተገዛች ትገባለች። አበባውን አንቀጥቅጣ ዱቄቱን ታወርዳለች፤ ድሮ ያንን በእጅ በሚያዝ ማንቀጥቀጫ ነበር ሰዉ የሚሠራው። ይህ ሥራ በንግድ ደረጃ የተጀመረው በ1980ዎቹ ቤልጅየም ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ማንም አላነሣም። ወንዱ ባምብልቢም አይናደፍም። መንደፊያ ያላቸው ሴቶቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወፍ ከሚፈራቸው ባምብልቢዎች ውስጥ ራሱ ንቡ አስመሳይ የሆነበት አለ ማለት ነው።

የባዮሎጂ መምህር (ባሕር ዳር)

ትክክል ነሽ። ወንዱ የእህቶቹን ስም ይዞ ይኖራል። አስመሳዮቹን ስንቆጥር እሱም መቆጠር ይገባዋል።

ዘመን_አ (አዲስ አበባ)

ይቅርታ፣ ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። እኛ አገር ባምብልቢ ከሌለች እኛ ጋ እሷን የሚመስል ዝንብም የለም ማለት ነው?

የናይሮቢው

ዘመን፣ ከርእሱ አልወጣህም። በአፍሪካ ከሰሐራ በታች ባምብልቢ በተፈጥሮ የለችም። ሰሜን አፍሪካ ግን አለች። ወፍ የማያውቀውን ንብ ደግሞ መምሰል ጥቅም የለውም። ስለዚህ እኛ ጋ ዝንቦች የሚመስሉት እኛው ጋ ያለውን ነው።

እንጨት የምትበሳዋን ትልቅ ጥቁር ንብ ታውቃታለህ። የጣራ እንጨት ላይ ወይም በረንዳ ላይ ክብ ቀዳዳ ትሠራለች፣ ስትበር ድምጿ ከሩቅ ይሰማል። እዚህ ምሥራቅ አፍሪካ እሷን የሚመስል ሃይፐሬኪያ የሚባል ዝንብ አለ። አንዣባቢ አይደለም። ሌሎች ነፍሳትን አየር ላይ እየያዘ ከሚበላ የዝንብ ወገን ነው። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ፀጉራም ነው። እጩ የሚያድገው ያቺው ንብ በበሳችው እንጨት ውስጥ የንቧን ልጆች እየበላ ነው። ሁለቱን ከሩቅ መለየት ከባድ ነው። ስታርፍ ግን ዓይኗንና ክንፏን እይ፣ መለያው እንደ ሼፊልዷ ነው።

የጓሮዋ ልጅ (ሼፊልድ)

ይህን አላውቅም ነበር፣ በጣም ነው ያስደሰተኝ። ባምብልቢ በሌለበት የባምብልቢ ካባ አለመኖሩ፣ በምትኩ የዚያው አገር ንብ ካባ መገኘቱ፣ ለጥያቄዬ ሌላ መልስ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅ። የእጮቿ ጉዳይ ትንሽ አሳስቦኛል። ባምብልቢዎቹ እዚህ አገር እየቀነሱ ነው። አጭር ፀጉሯ ባምብልቢ የሚሏት በ2000 ከብሪታንያ ጠፍታለች ተብሎ ታውጇል። ዝንቧ ጎጇቸው ውስጥ ገብታ የምትበላቸው ከሆነ በነሱ ላይ ተጨማሪ ችግር አትሆንም?

ጎተንበርግ_ነኝ (ስዊድን)

አይዞሽ፣ አትጨነቂ። እጮቹ በብዛት የሚኖሩት ከጎጆው ሥር በሚጠራቀመው ላይ ነው። የሞቱ ንቦች፣ የሞቱ እጮች፣ የወደቀ ፍርፋሪ፣ ቆሻሻ። ሕያው እጭም የሚበሉበት ጊዜ አለ፣ እሱን አልክድም። ግን ባምብልቢዎቹን የቀነሳቸው ይህቺ ዝንብ አይደለችም። አበባ የሞላበት ሜዳ ታርሶ መጥፋቱ ነው ዋናው። ብትጨነቂ ለዝንቧ ተጨነቂ። ጎጆው ከጠፋ እሷም ማደሪያ የላትም፤ ዕጣቸው አንድ ነው።

ደግሞ ሌሎቹን አንዣባቢዎች አትርሺ። በዓለም ላይ 6,000 ያህል ዝርያ አላቸው፤ የብዙዎቹ እጭ የሚበላው ክሽክሽ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት በራዳር ተከታትሎ በየዓመቱ እስከ 4 ቢሊዮን የሚደርሱ አንዣባቢ ዝንቦች ደቡብ እንግሊዝን አቋርጠው እንደሚፈልሱ አሳይቷል። የነሱ እጮች የሚበሉት ክሽክሽ በትሪሊዮን ነው የሚቆጠረው።

ጓሮሽ ውስጥ ማድረግ የምትችይው ቀላል ነው። እንጆሪውን ሙሉ በሙሉ አትቁረጪው። የአይጥ ጉድጓድ ካለ ተይው። የበሰበሰ ግንድ ጥግ ላይ አስቀምጪ፣ ለነክሪዮራይና። አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ውሃና የታጨደ ሣር ጨምረሽ ጥላ ቦታ አኑሪ። ከሳምንታት በኋላ ጋሼ ያዩት ዓይነት ባለ ጭራ እጭ ታገኚ ይሆናል። ሽታው ስለሚከብድ ከበር ራቅ አድርጊው። እጩ አድጎ ወጥቶ የሚደበቅበት ደረቅ ቅጠል ዙሪያውን ነስንሺለት።

ዘመን_አ (አዲስ አበባ)

ለኔስ? ጓሮዬ ውስጥ ጎመንና ባቄላ ነው ያለኝ።

የባዮሎጂ መምህር (ባሕር ዳር)

ከጎመኑ ጀምር። ክሽክሽ የሰፈረበትን ቅጠል ገልብጠህ እይ። በክሽክሹ መሀል እግር የሌለው፣ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ፣ አንድ በኩል የሾለ ትንሽ ትል ካገኘህ የአንዣባቢ ዝንብ እጭ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት አትርጭበት። በየቀኑ እየሄድክ ክሽክሹ ሲቀንስ ተመልከት፤ ልጆቹንም ይዘሃቸው ሂድ። አንድ ሁለት ድንብላል ወይም እንስላል ደግሞ ሳትነቅል ተወውና ያብብ። አበባቸው ትንንሽና ክፍት ስለሆነ እነዚህ ዝንቦች በጣም ይወዱታል። ያኔ ክንፍ መቁጠር ትችላላችሁ።

ዘመን_አ (አዲስ አበባ)

እንስላል አለኝ፣ አሁን እያበበ ነው። ነገ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አያለሁ፣ ፎቶም እለጥፋለሁ።